የእታለም ቋሚ ጥርስ

«አክስትሽን ስትስሚያት ትንፋሽሽን ያዝ አድርጊ» አለቻት ባለቤቴ ልጃችንን። «ፊትሽን ግን እንዳታጨማድጂ፤ ይታወቅብሻል።»

ልጃችን ሰባት ዓመቷ ነው። «እስከ ስንት ልቁጠር?» ብላ ጠየቀች። እናቷ ጥቂት አሰበችና «አምስት ይበቃል» አለቻት። ይህ ሁሉ የሚባለው ወጥ ቤት ውስጥ ነው። እኔ ደግሞ ግማሽ ፊቴን ተላጭቼ፣ ግማሹ አረፋ እንደለበሰ፣ ፎጣ ፍለጋ ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ ቆሜያለሁ። ገብቼ «እህቴ እኮ ናት! ምን እያስተማርሻት ነው?» ብዬ መቆጣት ነበረብኝ። ባለቤቴ ፊት ለፊት «እርስዎ» እያለች የምታከብራትን ሴት ከጀርባዋ እንዲህ ስታደርጋት ያልተቆጣሁ መቼ ልቆጣ ነው? ግን ምን አፍ አለኝ? እኔም እህቴን ስስማት ትንፋሼን እይዛለሁ። እኔም የምቆጥረው እስከ አምስት ነው። በቁጥሩ ሳንነጋገር መግጠማችን ከሁሉም በላይ አሳፈረኝ። ፎጣውን ሳልወስድ ተመለስኩና የቀረውን ግማሽ ፊቴን ተላጨሁ፤ ሁለት ቦታ ቆረጥኩት።

እታለም ታላቅ እህቴ ናት። ስሟን የሚጠራ የለም፤ እኔም፣ ባለቤቴም፣ ጎረቤቶቿም እታለም ነው የምንላት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሴቶች ቀሚስ ስትሰፋ ኖራለች። ሜትሩን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ፣ ስፒሎቹን በከንፈሯ ነክሳ፣ የደንበኛዋን ወገብ እየለካች፣ በዚያው አፏ ሐሜት ታወራለች፤ ስፒሉን እንዴት እንደማትውጠው እስከዛሬ አልገባኝም። ስትስቅ ደግሞ አንገቷን ወደኋላ ጥላ፣ አፏን በሰፊው ከፍታ ነው። ልጅ ሳለሁ ከስፌት መኪናዋ ሥር ቁጭ ብዬ የጨርቅ ቁራጭ ስሰበስብ፣ የጨረሰችውን እጅጌ ገልብጣ ታሳየኝና «ተመልከት፣ ጥሩ ስፌት አይታይም፤ ብብቱ ግን ላላ ይበል» ትለኝ ነበር። እጄ የተገራው እዚያ ነው። ሰው ግን ሙያዬን ሲያደንቅልኝ ይህን ተናግሬ አላውቅም።

ሙያዬ የጥርስ ቴክኒሻንነት ነው። ሐኪም አይደለሁም። ሐኪሙ የሰውን አፍ ልክ ወስዶ ይልክልኛል፤ እኔ በጀሶ እቀዳውና ከጀሶው አፍ ጋር እውላለሁ። ከአራት ዓመት በፊት የእታለም አንድ የላይ ጥርስ ተነቀለ፤ ያውም ስትስቅ በሚታየው በኩል። ያኔ የምሠራለት ሽማግሌ ሐኪም ግራና ቀኝ ያሉትን ጥርሶች ሞረደና ልኩን ላከልኝ። ሁለቱ ጥርሶች መሃል ላይ የጎደለውን ተሸክመው እንዲይዙ ነው። ሐኪሞች ድልድይ ይሉታል፤ ሰዉ ግን ቋሚ ጥርስ ነው የሚለው። ከልኩ ጋር የመጣው ወረቀት ላይ ሽማግሌው በእጁ «ድዱን እንዳይጫን። ከስሩ ክር የሚያልፍበት ይተው» ብሎ ጽፎበታል። አነበብኩት። ለሌላ ሰው ቢሆን የተባልኩትን እሠራ ነበር። ክፍተት ሲተው ግን በድዱና በጥርሱ መሃል ቀጭን ጥቁር መስመር ይታያል፤ ያቺን መስመር በእህቴ ሳቅ ውስጥ ማየት አልፈለግሁም። ስለዚህ ጥርሱ ድዱን ተጠግቶ እንዲቀመጥ በቢላዋ ጫፍ የጀሶውን ድድ ትንሽ ፋቅሁት። ቢበዛ ግማሽ ሚሊሜትር ነው። ጥርሱ እዚያው የበቀለ መሰለ፤ እኔም በሥራዬ ልቤ አበጠ። ሲገጠምላት አጠገቧ ቆሜ ነበር። ከስሩ ያለው ድድ ለአፍታ ነጭ ሆነ። ተጨንቆ ደም ሲሸሸው ነው እንዲህ የሚነጣው። አየሁት። ሽማግሌው «አይጫንሽም?» አላት፤ እሷ ግን መስታወቱን ይዛ ስትስቅ ማን ይሰማዋል። በኋላ «ምን ላድርግለት? እንዴት ልያዘው?» ብላ ጠየቀችኝ። «ቋሚ ነው፤ ከእንግዲህ አታስቢበት» አልኳት። አላሰበችበትም። እታለም ሰው የሚላትን ካመነች እንዲህ ናት።

ሽታው የጀመረው ከዓመት ተኩል በፊት ነው። ሌላ ሰው ሆድ ነው፣ ጨጓራ ነው ብሎ ያልፈው ይሆናል። እኔ ግን በመጀመሪያው ቀን አወቅሁት። ከሰው አፍ ተቆርጠው የወጡ አሮጌ ድልድዮች ለሞዴል ተብለው በላስቲክ ተጠቅልለው ሲመጡልኝ፣ ላስቲኩን ስፈታ የሚወጣው ሽታ ነው። ለምን አልነገርኳትም? ብነግራት «ከምን የመጣ ነው?» ትላለች። ከምን እንደመጣ ስንፈልግ ጀሶው ይመጣል፤ ጀሶው ደግሞ ቁጥር ተጽፎበት መደርደሪያዬ ላይ ቁጭ ብሏል። እናም መስኮት መክፈት ጀመርኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ እታለም ስትመጣ «ኡፍ፣ ሙቀቱ!» እልና ከፍቼ መስኮቱ አጠገብ አስቀምጣታለሁ። በብርድም እንዲሁ። እሷም ለባለቤቴ «ወንድሜ እኮ ከወፈርኩ ወዲህ ሙቀት እንደማልችል ገብቶታል» እያለች ታመሰግነኝ ነበር።

ያን ቅዳሜ አዲሱን መነጽሯን አድርጋ መጣች። መነጽሩን የገዛነው ባለፈው ወር አብረን ሄደን ነው። የልብስ ስፌት ቤቷ ባለቤት ጠርታት «ዓይንሽ ደክሟል፤ ልክ መውሰዱን ልጆቹ ይያዙት» ብላ ከፊት ወደ ጓዳ አዛውራታለች። አሁን ቀኑን ሙሉ የቁልፍ ቀዳዳ ነው የምትሰፋው። ሰው ፊት የምትቀርብበት ሥራ ሁሉ ተወስዶባታል። ይህን ስትነግረኝ ነገሩ ወዲያው ገብቶኛል፤ ለቀሚስ ልክ መውሰድ ትንፋሽ ይዘው እስከ አምስት ቆጥረው የሚጨርሱት አይደለም። ያኔ ግን ምን አደረግሁ? መነጽር ቤት ይዣት ሄድኩ። መስታወት ፊት ቆማ ሁለት ፍሬም እያፈራረቀች ስታሳየኝ፣ ዓይኔን በጨው ታጥቤ «ቡኒው ያምርብሻል» አልኳት።

ልጄ ሮጣ ሄደች፤ ጉንጯን ነፍታ ሳመቻት። ጣቶቿን ከጀርባዋ ስትቆጥር አየኋት፤ አምስት። ባለቤቴ ሻይና ዳቦ አቀረበች። እኔ መስኮቱን ከፈትኩ። እታለም ስለ ቁልፍ ቀዳዳ ማውራት ጀመረች፤ «መነጽሩን አድርጌም አይመልሱኝም፤ እኔ እንግዲህ ክር መርፌ ውስጥ ያለ መነጽር ነው የማስገባው፣ ምኑን እንዳበላሸሁ አንድ ቀሚስ እንኳን አላሳዩኝም» አለችና ዳቦዋን ገመጠች። ዳቦውን ከአፏ ስታወጣው የጥርሷ ቦታ ቀልቷል። «አክስቴ፣ ዳቦው ደማ!» ብላ ልጄ ጮኸች። እታለም ቀዩን ክፍል ቶሎ ቆርሳ በመሀረቧ ሸሸገችው። «እንጃ፣ ሰሞኑን እንዲህ ያደርገኛል» አለች እኔን ሳይሆን ሳህኑን እያየች። አንጀቴን በላችው። ባለቤቴ ተመለከተችኝ፤ ዓመት ተኩል ሙሉ ያላለችኝን ሁሉ በዚያች እይታ ነበር ያለችኝ። ተነሳሁና ኮቴን ለበስኩ። «ነይ፣ ሐኪም ዘንድ እንሂድ» አልኳት።

የምሠራላቸው ክሊኒኮች ከቤታችን በእግር ይደረስባቸዋል። እኔ ግን ሁለት አውቶቡስ ቀያይሬ፣ የከተማው ሌላ ጫፍ፣ አንድም ሥራ ልኬ ወደማላውቅበት ክሊኒክ ወሰድኳት። የምርመራው ዋጋ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፤ ከሰፈራችን እጥፍ ነው። የማያውቀኝ ሰው ስፈልግ ምን ምርጫ ነበረኝ? እታለም «ያንተ ሐኪሞች ምን ሆኑ?» ስትለኝ «ይሄ ይሻላል» ብቻ አልኳት። መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ ሰማያዊ ወንበሮች፣ ዓሣ የሌለው የዓሣ ገንዳ፣ ድምፁ የተዘጋ ቴሌቪዥን አለ። ከእታለም ጎን የተቀመጠች አንዲት ሴት ጥቂት ቆይታ ቦርሳዋን አነሳችና ሁለት ወንበር ፈቀቅ አለች። እታለም «ቦታ ልትለቅልህ ነው፤ ና፣ ወዲህ ተጠጋ» አለችኝ። ተጠጋሁ።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ ድምጿ ከዕድሜዋ በላይ የረጋ ነው። «እናቴ፣ አፍዎን ሰፋ ያድርጉልኝ» አለችና በትንሿ መስታወት ጥቂት አየች። እኔ ጥግ ላይ ባለች ወንበር ተቀምጬ የእታለምን ጫማ እመለከታለሁ።

«ከስሩ በምን ነበር የሚያጸዱት?»

«ኧረ ልጄ፣ ቋሚ እኮ ነው!» አለች እታለም፣ ሐኪሟ ያላወቀች መስሏት። «ቋሚ ስለሆነ አይነካም።»

«ቋሚ ማለት አይወልቅም ማለት ነው እናቴ። አይጸዳም ማለት አይደለም።» ከዚያ መስታወት አስይዛ ቀስ እያለች አስረዳቻት። መሃል ያለው ጥርስ ሥር የለውም፤ ድዱ አናት ላይ ነው ያለው። ምግብ ከስሩ ይገባል፤ በየቀኑ በክር ወይም በቀጭን ብሩሽ ካልወጣ እዚያው ይቀራል። ድዱ ያብጣል፣ ይደማል። ሲቆይ ደግሞ ተሸካሚዎቹን ጥርሶች የያዘውን አጥንት ይበላዋል። «ደህና የተሠራና የሚጸዳ ከሆነ ብዙ ዓመት ያገለግላል» አለች። ክር አወጣችና ከድልድዩ ሥር ልታሳልፈው ሞከረች። በወዲህ ሞከረች፣ በወዲያ ሞከረች፤ አልገባም። «ይሄኛው ግን ልታጸጂው ብትይም አይጸዳም…» አለችና በራሷ አነጋገር አፍራ አረመች፤ «ይቅርታ፣ ላጽዳው ቢሉም አይጸዳም። ጥፋቱ የርስዎ አይደለም። የሠራው ሰው ድዱ ላይ ጭኖታል። ይህን ማንም ባለሙያ ያውቃል። ማነው የሠራልዎ?»

ከወንበሬ ከፍ አልኩ፤ እውነቴን ነው፣ ልናገር ነበር፣ ቢያንስ ከፍ ብዬ ነበር። እታለም ግን ጭንቅላቷን ከመደገፊያው ሳታነሳ «ሰውየው ሞቷል» አለች።

«ውይ» አለች ሐኪሟ። «ነፍስ ይማር።»

«አሜን» አልኩ።

ለራሱ ነፍስ አሜን ያለ ሰው ከኔ በፊት ያለ አይመስለኝም። ሌላ ቀን ቢሆን ጥርስ የማያስከድን ወሬ ይወጣው ነበር። እዚያ ክፍል ውስጥ ግን የሳቀ የለም። ተመልሼ ተቀመጥኩና የሞተ ሰው እንደሚሆነው ዝም አልኩ።

ድልድዩ ዛሬውኑ መውጣት አለበት ተባለ። አደነዘዘቻትና መቁረጫውን አስነሳች፤ ድምፁን በየቀኑ እሰማዋለሁ፣ እንደዚያ ቀን ግን አጥንቴ ውስጥ ገብቶ አያውቅም። ተቆርጦ ሲነሳ ሽታው ክፍሉን ሞላው። ነርሷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔ ሳላስበው መስኮት ፈለግሁ፤ ክፍሉ መስኮት የለውም። እታለም ተጉመጠመጠች፣ ተፋች፤ ከዚያ ቀና ብላ በአፍንጫዋ አየር ሳበች።

«ምንድነው እንዲህ የሚሸተው?»

ሐኪሟ ፋሻ መቁረጥ ጀመረች። «ልጄ፣ ምንድነው?» አለች እንደገና። ሐኪሟ ለስለስ ባለ ድምፅ «ከስሩ የተጠራቀመው ነው እናቴ። አሁን ይጠራል» አለቻት። እታለም «ከመቼ ጀምሮ?» አለች። «ዓመት ሳያልፈው አይቀርም» ተባለች። የራስን ትንፋሽ ራስ አይሰማውም፤ ለእታለም ያ ሽታ የዚያን ቀን የተወለደ ነበር። እጇ ጉልበቷ ላይ ያስቀመጠችው መነጽር ላይ አረፈ። አንስታ አገላበጠችው። ከዚያ ወደኔ ዞረች። እኔ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን፣ አባት እናት ልጅ ተደርድረው ጥርሳቸውን የሚያሳዩበትን ሥዕል አየሁ፤ ሥዕሉ ላይ የቀረውን ጊዜ ሁሉ ቆየሁ። ሐኪሟ የፊተኛው ጥርስ ደህና እንደሆነ፣ የኋለኛው ግን እንደሚነቃነቅና መትረፉ እንደሚያጠራጥር ነገረችን። ድዱ ከተጸዳ በሳምንታት ውስጥ ይረጋል፤ የተበላው አጥንት ግን አይመለስም። ስንወጣ ድልድዩን በፋሻ ጠቅልላ ለእታለም ሰጠቻት።

አውቶቡሱ ውስጥ እታለም መስኮቱ ጋ ተቀመጠች። እኔ ሳልነካው ራሷ ከፈተችው። ለመጀመሪያ ጊዜ አፏን በመሀረብ ሸፍና ተናገረች። «አንተ እንዳታፍር ብዬ ነው የገደልኩህ» አለችኝ። ያን ጊዜ ሁሉንም አፈረጥኩት፤ የሽማግሌውን ወረቀት፣ የፋቅሁትን ጀሶ፣ የነጣውን ድድ። ከፊታችን የተቀመጡት ሰዎች እየሰሙኝ ነበር፤ ግድ አልሰጠኝም። እታለም ፋሻውን ፈታች፤ ድልድዩን ገልብጣ ሆዱን አየችው፣ የእጅጌን ገበር እንደምታይ። «ቆንጆ አድርገህ ነው የሠራኸው» አለች። «ጥሩ ስፌት አይታይም ያልኩህ እኔ ነኝ። ብብቱን ላላ አድርግ ያልኩህን ግን አልሰማህም።» ልትስቅ ነው ብዬ ጠበቅሁ። «እሱ ይሁን። ልብስ ይበላሻል። እኔስ ስንቱን አበላሽቼ ስንቱን ተርትሬያለሁ።» ይቅር ተባልኩ ብዬ ትንፋሼን ለቀቅሁ። አሁን ሳስበው ከዚያ ቀን ነገሮች ሁሉ ይበልጥ የሚያሳፍረኝ ያቺ እፎይታ ናት።

ሁለት ፌርማታ አለፍን። «መነጽሩን ስንገዛ ታውቅ ነበር?» አለችኝ።

«አዎ።»

«መስኮቱስ?»

አንገቴን ደፋሁ።

«ቡኒው ያምርብሻል አልከኝ።»

«አዎ።»

«ብትነግረኝ አንድ ቀን አፍር ነበር» አለች እታለም። «አንድ ቀን አፍሬ፣ አልቅሼ፣ ታክሜ ይወጣልኝ ነበር። አንተ ግን በየቅዳሜው ስታሳፍረኝ ከረምክ፤ እኔ ሳላውቀው። ሰው ሁሉ እያወቀው።» መነጽሩን ማኅደሩ ውስጥ ከተተችና ክዳኑን ጠቅ አደረገችው። ከዚያ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ሲነቃነቅ የሚተርፍ ጥርስ አለ፣ የማይተርፍ አለ፤ የቱ እንደሆንኩ ለመጠየቅ ድፍረቱ አልነበረኝም።

ጃንጥላዋን ቤታችን ትታ ስለነበር አብራኝ ወጣች። በሩን ስከፍት ልጄ ከውስጥ እየሮጠች መጣች፤ እታለም ጋ ሳትደርስ ጉንጯን ነፋች፣ አንድ እጇን ወደ ጀርባዋ ወሰደች። ማን ይንገራት? እኔ ነበርኩ ቀድሜ ገብቼ መንገር የነበረብኝ። እታለም ደፉ ላይ ቆመች። የተነፋውን ጉንጭ አየች፣ ወደ ጀርባ የሄደውን እጅ አየች። ቅዳሜዎቹን ሁሉ ስትቆጥራቸው ከፊቷ አነበብኩ። ተመልሳ ትሄዳለች ብዬ ፈራሁ። እሷ ግን ጎንበስ አለች። አፏ ታክሟል፣ ምንም አይሸትም፤ ግን ከንፈሮቿን ጥብቅ አደረገች፣ ትንፋሿን ያዘች፤ ልጄ እንዳይሸታት። ሁለቱም ትንፋሻቸውን ይዘው ተሳሳሙ። ልጄ አምስት ላይ ስትደርስ ለቀቀችና ሄደች። እታለም ቀና ብላ፣ ዞር ብላ፣ ሁለት እርምጃ ርቃ ነው የተነፈሰችው።

ባለቤቴ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ «እታለም፣ እንዴት ሆኑልን?» አለች። እኔ አላስተዋልኩትም፤ እጄ ነው ወደለመደው የሄደው። የመስኮቱን እጀታ ይዤ፣ ግማሹን ከፍቼ፣ «ኡፍ፣ ሙቀ…» ካልኩ በኋላ ነው የሰማሁት።

«ዝጋው» አለችኝ እታለም ጃንጥላዋን እያነሳች። «ዛሬ ይበርዳል።»

ዘጋሁት።